ወርቁን ከሰል ያደረገ አፍ

«በዚህ ሸለቆ ውስጥ ምስጢር በመጠበቅ እኔን የሚያህል የለም» ትል ነበር ሮሰንዳ። ይህንኑ ለአባቷ ነግራዋለች፤ ለአክስቷ ነግራታለች፤ ምንጭ ዳር ልብስ ለሚያጥቡት ሴቶች ነግራቸዋለች፤ ለንስሐ ስትሄድም ለቄሱ ጣል አድርጋላቸዋለች። ሰሚ ያጣች ቀን ደግሞ ለላሟ ትነግራት ነበር። ላሟ ጋልያርዳ ትባላለች። ከሁሉም ምስጢሩን አጥብቃ የያዘችው እሷ ነበረች።

ይቺው ጋልያርዳ የበረዶው ወራት ሊያልቅ ሲል ገደል ገባች። በአስቱሪያስ ተራሮች ጉም ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን አያይም፤ ላም ደግሞ መጀመሪያውኑ እጅ የላትም። ሥጋዋን መንደሩ ተቃረጠው፤ ቆዳዋ ለጫማ ሰፊው ሄደ፤ በረቱ ውስጥ የቀረው ገመዷና ሽታዋ ነው።

የሮሰንዳ አባት ቶሪቢዮ ቃል እንደ ጨው የሚቆጥብ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ብሶበታል። ባዶውን በረት ሲያይ ሰነበተና አንድ ቀን እራት ላይ የበቆሎ ዳቦውን እየቆረሰ፣

«ከሰኔ ዮሐንስ በኋላ ኦቪዬዶ ከተማ ትሄጃለሽ» አላት።

«ለገበያ?»

«ለግርድና። ዶኛ ሩፊና የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አለች፤ ክፍል ታከራያለች። ሠራተኛ ትፈልጋለች አሉ።»

«እኔ የማንንም ተከራይ ፖፖ አልደፋም!»

«ላም የሌለው ቤት ሦስት አፍ አይችልም።»

ከምድጃው ዳር አክስቷ ኤውፍራስያ ቀና አለች። «ሦስት ነው ያልከው? የሷን እንደ አንድ ቆጥረኸው ነው?»

ሮሰንዳ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። «ላም ከተገኘስ?» አለች።

ቶሪቢዮ ትከሻውን ሰበቀ። «ላም ከተገኘማ የሚያልባት ያስፈልጋል። ትቀሪያለሻ።»

ነገሩ እንግዲህ ይኸው ነው። ላም ካለች ሮሰንዳ በቤቷ ናት፤ ላም ከሌለች የሰው ቤት ናት። ላም ደግሞ ሰማይ አያዘንባትም። ሮሰንዳ ቢሆንም ብላ ለጥቂት ቀን ወደ ሰማይ አየች።

መልሱ የመጣው ከመሬት ነው። ዶሮዎቻቸውን አንድ ባንድ የሚለቅም ቀበሮ ነበር፤ ጉድጓዱን አግኝታ ልትደፍንበት ከቤታቸው በላይ ወዳለው ተዳፋት ወጣች። ቦታው የሙሯ ኮረብታ ይባላል። መስኩ የቶሪቢዮ ነው፤ ጋልያርዳም የምትግጠው እዚያው ነበር። ቀበሮው ከጉድጓዱ ጠርጎ ያወጣው አፈር እንደ ሌላው ቀይ አይደለም፤ ጥቁር ነው። ከጥቁሩ መሐል የባቄላ ፍሬ የምታህል ቢጫ ነገር ፀሐይ አግኝታ ብልጭ አለች። ሮሰንዳ አነሳቻት፤ ነከሰቻት፤ ጥርሷን አመማት። ወርቅ ነክሳ ስለማታውቅ፣ ወርቅ ሲነከስ እንዲህ ነው የሚያመው ብላ ተቀበለችው።

ምስጢሩን እስከ ምሳ ድረስ ጠበቀችው።

ኤውፍራስያ ፍሬዋን በመዳፏ ይዛ በሩ ላይ ወደ ብርሃኑ አዞረቻት። የቶሪቢዮ ታላቅ እህት ናት፤ ባል አላገባችም። የትኛው ጸሎት ለየትኛው ሕመም፣ የትኛው ቅዱስ ለየትኛው ከብት እንደሆነ ታውቃለች፤ የማታውቀው ነገር ሲያጋጥማትም ማወቋን አታቋርጥም።

«ሙሮቹ» አለች በሹክሹክታ።

በዚያ አገር ይህን ሰምቶ «እነማን ናቸው?» የሚል የለም። ጥንት አገሩን ይዘው የነበሩት ሙሮች ተሸንፈው ሲሸሹ ወርቃቸው ከብዷቸው በበሬ ቆዳ ጠቅልለው ቀብረውት ሄዱ። የት እንደቀበሩት ሁሉም ሰው ያውቃል፤ «እዚሁ አካባቢ» ነው። እያንዳንዱ መንደር የየራሱ የበሬ ቆዳ አለው። የጎረቤት መንደሩ ተረት ነው፤ የራስ መንደሩ ግን የታወቀ ነገር ነው።

«አጎት ሴልሞ ይጠራ» አለች ኤውፍራስያ።

አጎት ሴልሞ የማንም አጎት አይደለም፤ እዚያ ሽማግሌ ሁሉ አጎት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሙሮችን ወርቅ ሲቆፍር ተራራውን ወንፊት አድርጎታል። ሰው በጨለማ ወድቆ እግሩ ቢሰበር መጀመሪያ የሚረግመው ሴልሞን ነው። ዶማውን በትከሻው አድርጎ መጣና ፍሬዋን አየ። ከዚያ ቆቡን አወለቀ፤ ይህንን ለቄሱ እንኳ አያደርገውም።

«ይቺ ፍርፋሪ ናት» አለ። «ዳቦው ከሥር አለ።» ከዚያ ወደ ሮሰንዳ ዞረ። «ሕጉን ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ። ዶማው መሬት ከነካበት ጀምሮ ቆዳው በተባረከ ጨርቅ እስኪሸፈን ድረስ ማንም ቃል አይተነፍስም።»

«ከተነፈሰስ?»

«ወርቁ ከሰል ይሆናል።»

«ከሰል ይሆናል» አለ ሴልሞ ራሱን እየነቀነቀ። «እኔ አንዴ አግኝቼው ነበር። በዚህ ዓይኔ! ተነባብሮ እንደ ቂጣ። ከዚያ አነጠስኩ።»

«እንጥሻ ቃል ነው እንዴ?» አለ ቶሪቢዮ።

«እንጥሻማ ቃል አይደለም። ወንድሜ ነው ‹ኢየሱስ ይማርህ› ያለኝ። ዝቅ ብዬ ባይ ከሰል!»

«ነፍሱን ይማረውና ጨዋ ሰው ነበር» አለች ኤውፍራስያ።

«ጨዋነቱ ነው አደህይቶኝ የቀረው።»

ከዚህ በኋላ ሦስቱም፣ ሳይነጋገሩ፣ ሮሰንዳን አዩዋት።

«ምን ታዩኛላችሁ? በዚህ ሸለቆ ውስጥ ምስጢር በመጠበቅ...»

«ትቅር» አለ ሴልሞ።

«ያገኘሁት እኔ ነኝ!»

«ትምጣ» አለች ኤውፍራስያ። «ፍርፋሪውን ያገኘ ከሌለ ዳቦው አይወጣም። አፏን ለእኔ ተዉት።»

ሌላ አገር «ዝምታ ወርቅ ነው» ሲባል ምክር ነው። እነሱ ዘንድ ምክር አልነበረም።

የዮሐንስ ልደት በሰኔ ነው፤ ንጋቱ ላይ የተደበቀ ሁሉ ወደ ላይ ይወጣል ስለሚባል ቁፋሮው ለዚያ ቀን ተቀጠረ። እስከዚያ ያለው ጊዜ በላም ክርክር አለቀ። ታች ገበያው መንደር ላይ የሚሸጡ ሁለት ላሞች ነበሩ፤ አንዷ ቀይ፣ አንዷ ቡሬ። ቶሪቢዮ ቡሬዋን ፈለገ፤ ጡቷ ትልቅ ነው። ሮሰንዳ ቀይዋን ፈለገች፤ ታምራለች።

«ውበቷን አታልቢው» አለ አባቷ።

«ቡሬዋ ትራገጣለች።»

«አንቺም ትራገጫለሽ፤ ማን ሸጠሽ?»

«ኦቪዬዶ ልትሸጠኝ አይደል እንዴ?»

ቶሪቢዮ ከዚያ ወዲያ ስለ ላም ሲነሳ ዝም ይላል፤ ግን መዳፉን ጭኑ ላይ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ያደርጋል። የቡሬ ነጠብጣብ መሆኑ ነው። ሮሰንዳን ከንግግሩ ሁሉ በላይ ያናደዳት ይህ ጠብ ጠብ ነበር።

ስለ ወርቁ ግን ለማንም አልተናገረችም። ለልብስ አጣቢዎቹ «አንድ ነገር አለ፤ ልነግራችሁ አልችልም» ብላ ብቻ ተወችው። በየቀኑ እየሄደች ነው የተወችው።

የዮሐንስ ዕለት ጎህ ሲቀድ የመንደሩ ልጃገረዶች ዕድል ያመጣል የሚባለውን የመጀመሪያውን ውሃ ሊሻሙ ወደ ምንጩ ወረዱ። ኮረብታው ለእነሮሰንዳ ብቻ ቀረ። አራቱም የእንጨት ጫማቸውን እያንቋቁ በጤዛው መሐል ወጡ። ሴልሞ ዶማውን፣ ቶሪቢዮ አካፋውን ይዟል። ኤውፍራስያ የመንበር ጨርቅ በብብቷ ይዛለች፤ ከቤተ ክርስቲያን ተውሳ ነው፤ መዋሷን የምታውቀው ግን እሷ ብቻ ናት።

የቀበሮው ጉድጓድ ጋ ሲደርሱ ከኪሷ ደረቅ ባቄላ አወጣች።

«አፍሽን ክፈቺ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ክፈቺ አልኩሽ!» ባቄላውን ምላሷ ላይ አስቀመጠችላት። «ይህ ባቄላ ተመልሶ እጄ ላይ ይወጣል። ሌላ ቦታ ባገኘው ወየውልሽ።»

ሴልሞ አማተበና ዶማውን አነሳ። መሬቱን ሲመታ የሁሉም አፍ ተዘጋ።

ሮሰንዳ በሕይወቷ እንዲያ ዝም ብላ አታውቅም። መጀመሪያ ነገሩ ቀላል መስሏት ነበር። ቀጥሎ ቃላት ከሆዷ እየተነሱ ጉሮሮዋ ላይ መሰለፍ ጀመሩ። ሴልሞ ሲቆፍር ወገቡ ቋ ይላል፤ ስለዚያ የምትለው ነበራት። የአባቷ አካፋ አፈሩን ሁሉ የአክስቷ ቀሚስ ላይ ነው የሚጥለው፤ ስለዚያም የምትለው ነበራት። ቀበሮው ራሱ በሌላኛው ቀዳዳ ወጥቶ፣ ሽቅብ ጥቂት ሄዶ ዞር ብሎ እንደ አከራይ አያቸው። ይህን ማንም አላየም፤ እሷ ብቻ ናት ያየችው! ባቄላውን በጉንጯ አዟዟረችው። ባቄላው ለሰለሰ።

ጉድጓዱ እስከ ሴልሞ ወገብ ሲደርስ የዶማው ድምፅ ተለወጠ። አፈር ሲመታ ዱፍ ይል የነበረው አሁን ቃጭ አለ። ሴልሞ ተንበርክኮ በእጁ ጠረገ። ጥቁር፣ ለስላሳ ግድግዳ የመሰለ ነገር ታየ፤ በላዩ ላይ ደግሞ ቢጫው እንደ ክር ተስቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያብረቀርቃል። ፀሐይ ገና ከተራራው አናት ብቅ ማለቷ ስለነበር ብርሃኑ በቀጥታ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

ሴልሞ እንባው በሪዙ ላይ ወረደ። ኤውፍራስያ የመንበሩን ጨርቅ ከብብቷ አውጥታ ቀስ ብላ እጥፉን ትዘረጋ ጀመር። ጥቂት ነው የቀረው፤ ጨርቁ ወርዶ ቢሸፍነው ከዚያ ወዲያ ሰው እንደፈለገ ይለፍልፍ።

ቶሪቢዮ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሆኖ ወርቁን አየ። ቀጥሎ ልጁን አየ። የሮሰንዳ አባት ፈገግ ሲል ሰው ስለማያውቅ፣ መጀመሪያ ጥርሱን ያመመው ነበር የመሰላት። ከዚያ መዳፉን አነሳና፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ጭኑ ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ አደረገ።

ሮሰንዳ ራሷን በእንቢታ ነቀነቀች።

ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

ባቄላው የሴልሞ መላጣ ላይ አረፈ።

«ቀይዋን ነው!»

ድምጿ ተራራው ጋ ደርሶ ተመለሰ። «ነው... ነው... ነው» አለ ተራራው፤ እሱም ቀይዋን የመረጠ ይመስል።

ራስ ሲመለጥና አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም ይባላል። የዚያን ቀን ሁለቱም ባንድ ጉድጓድ ተገናኙ። ሴልሞ መላጣውን ዳሰሰ፤ ባቄላውን አየ፤ ቀና ብሎ ሮሰንዳን አየ። ዶማውን አንስቶ ግድግዳውን መታው፤ ተሰንጥቆ ተንከባለለ። ጥቁር ነው። ደግሞ መታው። ጥቁር ነው። ውስጡም፣ ከውስጡ ውስጥም፣ ጥቁር ብቻ። እጁ እስከ ክርኑ ጠቆረ።

«ከሰል» አለ።

«እሱ ነው የጀመረኝ!» አለች ሮሰንዳ። «ጠብ ጠብ ሲያደርግ አላያችሁትም?»

«ምልክት ቃል አይደለም» አለ ሴልሞ፤ በዚህ ጉዳይ ከእሱ በላይ ሊቅ የለም።

«ምናልባት ድሮም ከሰል...» አለች ሮሰንዳ።

ኤውፍራስያ ጎንበስ ብላ አንዱን ቁራጭ አነሳች፤ በእጇ መዘነችው፤ ለሮሰንዳም አስያዘቻት። «ከሰል እንዲህ ይከብዳል? ከምድጃችን የሚወጣው ከሰል እንደ ላባ ነው። ይኼ ግን ድንጋይ ያህላል። መልኩን ነው የወሰድሽበት፤ ክብደቱ አሁንም የወርቅ ነው።»

ከሮሰንዳ እጅ መልሳ ወሰደችው። ቁራጩን በመንበሩ ጨርቅ ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ከተተችው። የተበላሸ ወርቅ ክፍቱን አይተውም፤ መንደር ይረግማል፤ ስለዚህ ቶሪቢዮ አፈሩን መልሶ ደፈነው። ሲደፍን አንዴም ቀና አላለም። ሥራውን ጨርሶ አካፋውን በሣር ጠረገና፣

«ነገ በጠዋት እንነሳለን» አለ።

ሮሰንዳ እስከ ኦቪዬዶ ድረስ አለቀሰች፤ በመሐሉ የሚታይ ነገር ሲያጋጥማት ግን ታቋርጥ ነበር።

የዶኛ ሩፊና ቤት ጠባብ ደረጃና ብዙ ፖፖ ያለበት ቤት ነው። ሮሰንዳ ጠዋት ጠዋት ትደፋለች፤ ቀን ትጠርጋለች፤ ማታ ዶኛ ሩፊና ስለ ሟች ባሏ ስታወራ ታዳምጣለች። ከሁሉ የከፋው ይህ ነበር፤ ዶኛ ሩፊና ለመተንፈስ እንኳ ስለማታቆም ጣልቃ መግቢያ የለም። ሮሰንዳ በዚያ ቤት ሳትወድ በግዷ ዝምታ ተማረች፤ ዕድል ሆኖ ግን የተማረችው ከጊዜው በኋላ ነው፤ የያዘችውም ለአጭር ጊዜ ነው።

ከተከራዮቹ አንዱ ዶን ሌአንድሮ የሚባል፣ ትንሽ መዶሻ ይዞ የሚዞር ሰው ነበር። ንጹሕ ልብስ ለብሶ ይወጣል፣ ጭቃ ለብሶ ይመለሳል፤ ያመጣውን ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ይደረድራል። ዶኛ ሩፊና «ትንሽ ነካ ያደርገዋል፤ ግን ኪራዩን ይከፍላል» ትላለች።

አንድ ቀን ሮሰንዳ ክፍሉን ስትጠርግ ከድንጋዮቹ መሐል ያንን ጥቁር አየችው። ያው ልስላሴ፣ ያው ቢጫ ክር። በእጇ መዘነችው። ያው ክብደት።

«እሱን አትንኪ» አለ ዶን ሌአንድሮ ከበሩ ላይ።

«ትሰርቀኛለች ብለው ነው? እኛ አገር ሞልቷል።»

«ምኑ?»

«ይኸው የተበላሸ ወርቅ ነዋ!»

ዶን ሌአንድሮ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ እሷንም ተቀመጪ አላት፤ ፖፖ ይዛ ቆማ ሳለ ተቀመጪ ያላት ተከራይ ከዚያ በፊት አልነበረም። ነገረችው። ቀበሮውን፣ ሴልሞን፣ ባቄላውን፣ ጨርቁን፣ ምንም ሳታስቀር። አንድ ቦታ ላይ ብቻ «ከዚያ አንድ ሰው ተናገረ» ብላ አለፈችው።

«የጥቁሩ ውፍረት ምን ያህል ነው?» አለ ዶን ሌአንድሮ።

ፖፖውን አስቀምጣ ሁለት እጇን ዘረጋች። ሰውዬው ወንበሩን አስጠጋ።

«ቦታው የት ነው?»

«አልነግርም! ምስጢር ነው።»

«ምስጢር ትጠብቂያለሽ ማለት ነዋ» አለ ዶን ሌአንድሮ፣ እንደ ማድነቅ አድርጎ። «የዛሬ ልጆች እኮ አይችሉም።»

«እኔን ነው? በሸለቆአችን ውስጥ ምስጢር በመጠበቅ እኔን የሚያህል የለም» አለችና፣ እሱን ምን ያህል ጠንቃቃ እንደሆነች ለማስረዳት፣ ከማን ከማን እንደደበቀችው ትዘረዝርለት ጀመር። ድልድዩ ጋ ካለው ወፍጮ ባለቤት ደብቃለች። ከወፍጮው በላይ ካሉት ልብስ አጣቢዎች ደብቃለች። ከምንጩ ሽቅብ የሙሯ ኮረብታ ላይ ሣር ከሚያጭዱት ደብቃለች። ዶን ሌአንድሮ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። በማግስቱ ቀይ ሪባን ሰጣትና መዶሻውን ይዞ ወጣ። ጭቃ ለብሶ ሲመለስ እያፏጨ ነበር።

የዚያ አገር ሕግ እንዲህ ነው። ከሣሩ በላይ ያለው የቶሪቢዮ ነው፤ ከሣሩ በታች ያለው የንግሥቲቱ ነው፤ ንግሥቲቱም ቀድሞ ሄዶ ለጠየቀ ትሰጣለች። ንግሥቲቱ ያኔ አሻንጉሊት የምታቅፍ ሕፃን ነበረች፤ ከሰሉንም አልፈለገችውም። ዶን ሌአንድሮ ጠየቀ፤ ተሰጠው። በኮረብታው ጎን አፉን የከፈተ ዋሻ ተቆፈረ። ከዋሻው የጋሪ መንገድ ወጣ። ከዚያ ጋሪው መጣ፣ በቅሎው መጣ፣ ከሌላ አገር የመጣ አለቃ መጣ። የድንጋይ ከሰሉ ወደ ወደቡ መውረድ ጀመረ፤ እዚያም መርከብ ይበላዋል ተባለ።

የመንደሩ ወንዶች ሁሉ ተቀጠሩ። ቶሪቢዮ ጋሪ ይገፋል፤ እዚያ ሥራ ላይ መናገር ስለማያስፈልግ ተስማማው። አጎት ሴልሞም ተቀጠረ። በዕድሜው ጉድጓድ ቆፍሮ ሲከፈለው የመጀመሪያው ነበር፤ ግራ ስለገባው ለጥቂት ጊዜ ማታ ማታ በነፃ ሌላ ቦታ ይቆፍር ነበር። ለሴቶችም ሥራ ተገኘ፤ ድንጋዩን ከከሰሉ መልቀም። ሮሰንዳ ይህን በሰማች ዕለት ለዶኛ ሩፊና የመጨረሻውን ፖፖ ደፋችላትና ሪባኗን አስራ ወደ አገሯ ተመለሰች።

ለቅማ ለቅማ ላም ገዛች። ቀይዋን። ቶሪቢዮ ላሟ በረት ስትገባ ዳር ቆሞ አየ፤ መዳፉንም ከጭኑ ላይ አላነሳም። ጋልያርዳ ትግጥበት የነበረው መስክ ግን አሁን ግማሹ የድንጋይ ቁልል ነው፤ ሌላው ግማሽ ላይ ሣሩ በከሰል ብናኝ ተሸፍኗል። ላሟ ጠዋት ቀይ ሆና ትወጣለች፣ ማታ ጥቁር ሆና ትገባለች። ወተቷም ሲታለብ በጨርቅ ካላጠለሉት ግራጫ ነው። ሮሰንዳ በየማታው በጨርቅ ታጥባታለች፤ ያም ሆነ ይህ በራሷ በረት ውስጥ ነው የምታጥባት።

በቤቱ ውስጥ ነገሩን ያልተቀበለች ኤውፍራስያ ብቻ ናት። መንደሩ ሁሉ በአዲሱ ከሰል ሲያበስል እሷ አሁንም እንጨት ለቅማ በጀርባዋ ትሸከማለች። «እኔ ወርቅ እያነደድኩ ሾርባ አልሠራም» ትላለች። ያንን የመጀመሪያውን ቁራጭም አልጣለችውም። ከመንበሩ ጨርቅ ጋር ከቅዱሳን ሥዕል ሥር አስቀምጣዋለች፤ ጨርቁንም እስካሁን ለቄሱ አልመለሰችም፤ ጥቁሩ አልለቅ ብሏታል። በየዓመቱ የዮሐንስ ዕለት ጎህ ሲቀድ ቁራጩን ይዛ ምንጩ ዳር ትወርዳለች፤ ጨርቁን ገልጣ ፀሐይ ታስነካዋለች፤ ያያት ሰው እንዳለ ዙሪያዋን ታማትራለች፤ መልሳ ትጠቀልለዋለች።

አንድ ዓመት የዮሐንስ ዕለት ሮሰንዳ ላሟን ልታጠጣ ምንጩ ጋ ነበረች። ልጃገረዶቹ ውሃ ተሻምተው ጨርሰዋል፤ ልብስ አጣቢዎቹ ተቀምጠዋል። የዶን ሌአንድሮ ሠረገላ በታችኛው መንገድ አለፈ፤ ሁሉም ቆመው አዩት።

«ከተማ ውስጥ መስኮቱ ሁሉ መስተዋት የሆነ ቤት ሠርቷል አሉ» አለች አንዷ።

«እኔ ባልኖር የት ይገኝ ነበር?» አለች ሮሰንዳ፣ የላሟን አንገት እያሻሸች። «ያን ሁሉ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጋሪውም፣ ዋሻውም፣ የእናንተ ባሎች ደሞዝም፣ ሁሉም ከእኔ ነው የመጣው። በዚህ ሸለቆ ከእኔ በላይ ሀብት ያገኘ ሰው የለም!»

«አንቺስ ምን ሰጠሽ?» አለች አጣቢዋ።

ሮሰንዳ እጇ ሳይታወቃት ወደ ሪባኗ ሄደ። አጣቢዎቹ ተያይተው ሳቁና ልብሳቸውን ድንጋዩ ላይ መቱ።

ኤውፍራስያ ከምንጩ ማዶ ቁራጯን ፀሐይ እያስነካች ነበር። ዘንድሮም ጥቁር ነው። ሮሰንዳ የሳቁትን ሴቶች ትታ ወደሷ ዞረች፤ አንድ ሰው እንኳ ማሸነፍ ነበረባት።

«አክስቴ፣ ተይው እንግዲህ! ዶን ሌአንድሮ የተማረ ሰው ነው፤ በአፉ ነው የነገረኝ። ወርቅ ሆኖ አያውቅም። ከጥፋት ውሃ በፊት ጀምሮ ከሰል ነው፤ ቢጫዋም ብረትና ዲን ናት። እኔ ተናገርኩም አልተናገርኩም ያው ከሰል ነበር። ሰምተሻል? እሱ ራሱ መጥቶ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ፣ በዓይኑ አይቶ ነው ያለው።»

ኤውፍራስያ ጨርቁን አንድ እጥፍ አጠፈች፤ ሌላ እጥፍ አጠፈች፤ ቁራጩን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«እሱ ምን ያውቃል?» አለች። «የመጣው አንቺ አፍሽን ከከፈትሽ በኋላ ነው።»